በሪሞት የሚዋጋ የጦር መርከብ ሞዴል ከባዶ አሰራር፦ ከመድፉ በፊት ፓምፑ

ብዙ ሰው የመጀመሪያ ተዋጊ መርከቡን የሚጀምረው ከመድፉ ነው። መድፍ ይገዛል፣ ጋራዥ ውስጥ ካርቶን ላይ ይተኩሳል፣ ቪዲዮ ይቀርጻል። ከወራት በኋላ መርከቡ ኩሬ ሲገባ ግን አንድ ጥይት ሳያገኘው ጎኑን ሰጥቶ ይገለበጣል። ወይም የገባውን ውሃ የሚያወጣው ፓምፑ በባልሳ እንጨት ስባሪ ይታፈንና በሦስት ቀዳዳ ብቻ ይሰምጣል። ያ ሁሉ የተደከመበት መድፍ ምንም ሳይሰራ።

ስለዚህ እዚህ ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው። ቀፎ (የመርከቡ አካል)፣ ፓምፕ፣ ሚዛን። መድፍ መጨረሻ ላይ።

ጨዋታውን ለማያውቅ፦ በዋናነት አሜሪካ ውስጥ ክለቦች የሚያካሂዱት ውጊያ ነው። መርከቦቹ ከእውነተኛው 144 ጊዜ ያነሱ ናቸው። በሪሞት ይነዳሉ፣ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ትናንሽ የብረት ኳሶች ይተኩሳሉ። ጎናቸው በስስ ባልሳ እንጨት ስለሚሸፈን ይበሳል። ውሃ ይገባል። ፓምፑ ካልቻለ መርከቡ የምር ይሰምጣል።

ደረጃ 1፦ እንጨት ሳትገዙ ህጉን አንብቡ

ሁለት ዋና የውጊያ ዓይነቶች አሉ። በፋስት ጋን ሁሉም መርከብ አንድ ዓይነት ኳስ ይተኩሳል፤ ውፍረቱ ወደ 4.5 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። የጎን ባልሳውም ለሁሉም አንድ ነው፣ 0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ። በቢግ ጋን ግን የኳሱ መጠንም የጎኑ ውፍረትም እንደ እውነተኛው መርከብ ይለያያል። ለአንዱ የተሰራ መርከብ ለሌላው እንዲሁ አይገባም።

1. በአቅራቢያችሁ ያለው ክለብ በየትኛው እንደሚጫወት ጠይቁ።
2. የህግ ደብተሩን አትሙ። እነዚህን በቀለም አስምሩባቸው፦ የተፈቀደ ክብደት፣ ፍጥነት፣ የጎን አጥንቶች ስፋትና ርቀት፣ ከውሃ መስመር (መርከቡ ሲንሳፈፍ ውሃው ከሚደርስበት) በታች እስከ የት ባልሳ መሆን እንዳለበት፣ የፓምፑ መውጫ ስፋት፣ የጋዝ ግፊት ጣሪያ።
3. እዚህ የምጠቅሳቸው ቁጥሮች የፋስት ጋን ናቸው። የክለባችሁ ህግ ሌላ ካለ እሱን ተከተሉ።

ከአሜሪካ ውጭ ያላችሁ፣ በጋዝ የሚተኩስ ነገር ከማዘዛችሁ በፊት የአገሩን ህግ ጠይቁ። ጉምሩክ ላይ «መጫወቻ ነው» ማለት አያዋጣም።

ደረጃ 2፦ መርከቡን ምረጡ

ጀማሪ ሁሉ ቢስማርክን፣ የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ግዙፍ የጀርመን የጦር መርከብ፣ ይፈልጋል። እውነተኛው 251 ሜትር ነበር። ለ144 ሲካፈል 1.74 ሜትር ይሆናል፣ በሙሉ ጭነት ደግሞ ወደ 17 ኪሎ። መኪና ውስጥ አይገባም፣ ብቻችሁንም ከውሃ አታወጡትም። በሌላ በኩል ትንንሽ ክሩዘሮች (ቀለል ያሉ የጦር መርከቦች) ጠባብ ናቸው፤ ባትሪና ጋዝ ሲጫንባቸው ይንገዳገዳሉ።

እኔ የምመክረው የአንደኛውን የዓለም ጦርነት የጀርመን የጦር መርከብ ፎን ደር ታንን ነው። 171.7 ሜትር ርዝመትና 26.6 ሜትር ስፋት ነበረው። ሞዴሉ 119 ሴንቲ ሜትር በ18.5 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። በአንድ ሰው እጅ ይያዛል፤ ሆዱም ሰፊ ነው።

ክብደቱን ለማስላት ለ144 አንዴ ብቻ አታካፍሉ። ርዝመት፣ ስፋትና ጥልቀት ሦስቱም ስለሚያንሱ ሦስት ጊዜ ይካፈላል፤ ማለትም ለ2,985,984። የፎን ደር ታን 19,370 ቶን ወደ 6.5 ኪሎ ይመጣል። ይህን ቁጥር ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ከዚህ በኋላ የምትገዙት ነገር ሁሉ ከእሱ ላይ ይቀነሳል።

ደረጃ 3፦ የሚያስፈልጋችሁ

- 6 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ ለአጽሙ፣ ስስ ፕላይውድ ለሆዱ
- ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ በልክ ተቀላቅሎ የሚደርቅ ሙጫ)፣ ስስ የፋይበር ግላስ ጨርቅ፣ ጓንት፣ የአፍ መሸፈኛ
- 0.8 ሚሊ ሜትር ባልሳና የሞዴል አውሮፕላን ሰሪዎች የሚጠቀሙበት ስስ ወረቀት
- ማስቲሽ፣ የተለያየ ሸካራነት ያለው የብርጭቆ ወረቀት
- ሞተሮች፣ ሻፍት (ፕሮፔለሩን የሚያዞር ዘንግ)፣ ፕሮፔለር፣ የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ፣ ሰርቮ (መሪውን የሚያዞር ትንሽ ሞተር)፣ የ2.4 ጊጋኸርዝ ሪሞት
- ፓምፕ፣ ባትሪ፣ ፊውዝ፣ ወፍራም ሽቦ
- ቀጭን መጋዝ፣ ስኳድራ፣ ውሃ ልክ፣ ሚዛን

የኩሽና ሚዛን ይበቃል። ግን ይኑራችሁ። ሳይመዝኑ የሚሰሩ ሰዎች መርከብ ሁልጊዜ ይከብዳል።

ደረጃ 4፦ አጽሙን ገልብጣችሁ ስሩ

1. ፕላኑን አትሙና ርዝመቱን በሜትር ለኩ። 119 ሴንቲ ሜትር መሆን ሲገባው 117 ካገኛችሁ ፕሪንተሩ ከወረቀቱ ጋር እንዲስማማ አሳንሶታል። ሳትቆርጡ አስተካክሉ።
2. የላይኛውን ወለል ቅርጽ ከ6 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ ቁረጡ። መሃሉን አውጡት፤ ዙሪያውን ጠባብ ጠርዝ ብቻ ተዉ። እጃችሁ ወደ ውስጥ የሚገባው በዚያ ነው።
3. ዝርግ ጣውላ ላይ መሃል መስመር አስምሩ። የላይኛውን ወለል ገልብጣችሁ በመስመሩ ልክ አስሩት።
4. የጎን አጥንቶቹን ቁረጡ፣ በየቦታቸው አቁሙ፣ እያንዳንዱን በስኳድራ አረጋግጡ። ከውጭ የሚታየው ስፋታቸው በህጉ የተገደበ ነው፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አትጨምሩ።
5. አከርካሪውን ከፊት እስከ ኋላ አስገቡ። ሁሉም በደረቁ ከተገጣጠመ ብቻ ኢፖክሲ ቀቡ።

ኢፖክሲው ሳይደርቅ ከፊት ቆማችሁ በአንድ ዓይን እዩት። የፊትና የኋላ አጥንቶች አንድ መስመር ላይ ካልዋሉ ቀፎው ተጠማዟል። በጉልበት ጎትታችሁ ፋይበር አታልብሱት፤ በኋላ ተመልሶ ይጣመማል። መጋጠሚያውን ቁረጡና እንደገና አጣብቁ። እንደዚህ የተጣመመ መርከብ ዕድሜ ልኩን ወደ አንድ ጎን ይሄዳል።

ደረጃ 5፦ ሆዱን ዝጉ፣ የውሃ መንገድ አበጁ

የታችኛው ሆድ የማይበሳ ነው። በስስ ፕላይውድ ሸፍኑት፣ አሸጉት፣ ከውጭ ፋይበር ግላስ አልብሱት። መስኮቱ በተከፈተ ክፍል ወይም ክፍት አየር ላይ ስሩ፤ ጓንት አትርሱ። ኢፖክሲው በማግስቱም እጅ ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ልኬቱ ተሳስቷል። ላዩ ላይ ሌላ አትደርቡ። ጠርጋችሁ በአልኮል አጽዱና እንደ አዲስ ቀቡ።

አሁን ቀፎውን አቅኑት። ብዙ ሰው የሚዘለው ሥራ የሚጀምረው እዚህ ነው።

መርከቡ ሲበሳ ውሃ ይገባል፤ ይህ የጨዋታው ደንብ ነው። አደጋው ውሃው ከገባ በኋላ የት ይሄዳል የሚለው ነው። ወለሉ ዝርግ ከሆነ መርከቡ ሲታጠፍ ውሃው ሁሉ፣ በተዘነበለ ትሪ ላይ እንዳለ ወጥ፣ ወደ አንድ ጎን ይሮጣል። ያ ጎን ይከብዳል፣ የባሰ ያዘነብላል፣ ተጨማሪ ውሃ ይጠራል። ግማሽ ሊትር ውሃ እንኳ እንዲህ አድርጎ መርከብ ይገለብጣል።

መፍትሄው፦

1. ከፊት እስከ ኋላ በመሃል መስመር ላይ የፓምፑ ስፋት ያህል መንገድ ተዉ።
2. ግራና ቀኙን ውሃ በማይመጥ ፎም ሙሉት። ከላይ በኢፖክሲ ዝጉት፤ ወደ መሃል ትንሽ እንዲያዘነብል አድርጉ።
3. ፓምፑ የሚቀመጥበት ቦታ ከሁሉም ዝቅ ያለ ይሁን።
4. ከአጥንቶቹ ሥር ውሃ የሚያግድ ነገር ካለ ብሱት።

ፍተሻ፦ አንድ ኩባያ ውሃ አፍንጫው ጋ አፍስሱ። ሳትነካኩት ወደ ፓምፑ ቦታ መድረስ አለበት። ከዚያ ሆዱን በውሃ ሙሉት፣ ከሥሩ ጋዜጣ አንጥፉ፣ አሳድሩት። ጠዋት ጋዜጣው የራሰበት ቦታ ቀዳዳውን ይነግራችኋል።

ደረጃ 6፦ ሞተር፣ ሻፍት፣ መሪ

ሻፍቱ የሚያልፍበትን ቱቦ በግራሶ ሙሉት፤ ውሃ የሚከለክለው እሱ ነው። ሞተሩን ከሻፍቱ ጋር ስታገናኙ በእጃችሁ አዙሩት። አንድ ቦታ ላይ የሚከብድ ከሆነ መስመሩ ተዛብቷል። በዚያ ሁኔታ ሞተሩ ይሞቃል፣ ባትሪ ይበላል። ስንት ፕሮፔለር እንዲገፋ እንደሚፈቀድና የመሪውን ስፋት ከህጉ ውሰዱ። መሪው እስከ መጨረሻው ታጥፎ ፕሮፔለሩን እንዳይነካ እዩ።

ደረጃ 7፦ ፓምፑ

ከመርከቡ ላይ አንድ ነገር ብቻ ውድ ግዙ ብባል ፓምፑን ነው የምለው። በፋስት ጋን የመውጫው ቀዳዳ ወደ 3.2 ሚሊ ሜትር ተገድቧል። ቀዳዳውን ማስፋት ስለማይቻል ልዩነቱን የሚፈጥረው ሞተሩና የሽቦ ሥራው ነው።

1. ፓምፑን ዝቅተኛው ቦታ ላይ በብሎን እሰሩ። ማጣበቂያ ብቻ አትመኑ፤ ለጽዳት ማውጣት ይኖርባችኋል።
2. መግቢያውን በወንፊት ክበቡ። የተሰበረ ባልሳ፣ ቅጠል፣ የማስቲሽ ጥራጊ ሁሉ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ወንፊቱ ሰፊ ይሁን፤ ጠባብ ከሆነ በአንዲት ቅጠል ይደፈናል።
3. ቱቦውን ሳታጣምሙ በአጭሩ ወደ ላይኛው ወለል አውጡት። ውሃው ሲወጣ ከዳር ቆማችሁ ማየት አለባችሁ።
4. ከባትሪው እስከ ፓምፑ ወፍራም ሽቦ ዘርጉ።

ፍተሻ፦ ሁለት ሊትር ውሃ ቀፎው ውስጥ አፍስሱና ፓምፑን አስነሱ። ሰዓት ያዙ፣ ውጤቱን ጻፉ። ከእያንዳንዱ ውጊያ በፊት ይህንኑ ድገሙ። ሰዓቱ ከረዘመ የሆነ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

ድምጹ እየተሰማ ውሃ ካልወጣ፦ አየር ይዟል። ቀፎውን ወዲያ ወዲህ አዘንብሉት። ችግሩ ከተደጋገመ ፓምፑን ዝቅ አድርጉ።

ውሃው ደካማ ከሆነ፦ ፓምፑ እየሰራ ሳለ የሞተሩ ጫፍ ላይ ቮልት ለኩ። ከባትሪው በጣም ካነሰ ሽቦው ቀጥኗል ወይም ብየዳው ልል ነው። ቮልቱ ደህና ከሆነ ውስጥ የሚሽከረከረው ክንፍ ግድግዳ እየነካ ሊሆን ይችላል። ፈትታችሁ እዩ።

ደረጃ 8፦ ኤሌክትሪክ

ይህ ዕቃ ሁሉ አንድ ቀን ውሃ ውስጥ እንደሚገባ አስባችሁ ስሩ።

1. ከባትሪው አጠገብ ዋና ፊውዝ አድርጉ። ውሃ የነካ ሽቦ ቢጋጭ ከእሳት የሚያድናችሁ እሱ ነው።
2. መጋጠሚያዎችን በስታኞ በይዱ፣ በሙቀት በሚሰበሰብ ፕላስቲክ ሸፍኑ። ጠምዝዞ በቴፕ መጠቅለል እዚህ አይሰራም።
3. ሪሲቨሩን (የሪሞቱን ሲግናል የሚቀበለውን) ክዳኑ ጎማ ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ ከላይኛው ወለል ሥር ስቀሉት።
4. አንቴናውን ከውሃ መስመር በላይ አውጡ። 2.4 ጊጋኸርዝ ውሃ ውስጥ አያልፍም።
5. ሲግናል ሲጠፋ ሞተሩ እንዲቆም፣ መድፉ እንዳይተኩስ፣ ፓምፑ ግን እንዲሰራ አስተካክሉ። ከዚያ ሪሞቱን አጥፍታችሁ በዓይናችሁ አረጋግጡ።

ባትሪው ከጥይታችሁ በላይ መቆየት አለበት። በፋስት ጋን ጥይት ጨርሳችሁ ለመውጣት ስታውጁ አምስት ደቂቃ ትጠብቃላችሁ። በእነዚያ አምስት ደቂቃዎች ሁሉም ያሳድዳችኋል፤ ፓምፑም ያለ እረፍት ይሰራል።

ደረጃ 9፦ ባልሳውን አልብሱ

1. ባልሳውን በረጅሙ፣ ጭረቱ ከፊት ወደ ኋላ እንዲሄድ አድርጋችሁ ቁረጡ።
2. አጥንቶቹንና የባልሳውን ጀርባ ማስቲሽ ቀቡ። ሁለቱም እስኪደርቁ ጠብቁ። አንዴ ከነካ አይላቀቅምና መሃሉን መጀመሪያ አስይዙ፣ ከዚያ ወደ ጫፍ ጫኑት።
3. ከውጭ ስሱን ወረቀት በቫርኒሽ ለጥፉ። ወረቀቱ ባልሳው እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። ያለ እሱ አንድ ኳስ የጣት ያህል ስንጥቅ ይከፍታል።
4. ውስጡንም አንድ ጊዜ ቀቡት። ካልሆነ ባልሳው ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል።
5. ቀለሙ ስስ ይሁን። ደራርባችሁ ጎኑን ጋሻ ብታደርጉት በፍተሻ ይያዛል።

ማስቲሽ ያሰክራል፣ ይነዳል። ከሲጋራና ከምድጃ አርቁት።

ደረጃ 10፦ ሚዛን፣ ገና ሳይተኮስ

ባኞ ካልበቃ የልጆች የፕላስቲክ መዋኛ ይሆናል። ባትሪውን አስገቡ። ለመድፍና ለጋዝ የሚሆነውን ክብደት በአሸዋ ከረጢት ተኩ፣ በየቦታቸው አኑሩ።

1. ጠቅላላውን መዝኑ። ለፎን ደር ታን 6.5 ኪሎ አካባቢ።
2. የውሃ መስመሩን በእርሳስ አስምራችሁ አንሳፉት። አፍንጫው ከሰመጠ ባትሪውን ወደ ኋላ ግፉት።
3. አንዱን ጎን የላይኛው ወለል ውሃ እስኪነካ ተጫኑና ልቀቁ። ፈጥኖ መመለስ አለበት። እየተጎተተ ከተመለሰ ላዩ ከብዷል።
4. ፓምፑን አጥፉ፣ አንድ ሊትር ውሃ ውስጡ አፍስሱ፣ ያንኑ ድገሙ።

አራተኛውን የሚሰራ ሰው ጥቂት ነው። መርከቡ ተኝቶ ከቀረ ኩሬ አትሂዱ። ባትሪውን ዝቅ አድርጉ። ግንቦቹን (ከላይኛው ወለል በላይ የሚቆሙትን) ከፕላይውድ ሰርታችሁ ከሆነ አውጡና በፎም ቀይሩ። ክብደት ከተረፋችሁ ብቻ እርሳስ ከታች ጨምሩ፤ ነክታችሁ ስትጨርሱ እጃችሁን ታጠቡ። የውሃ መንገዱ ጠባብ ሆኖ ከሆነ ደግሞ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ። ያናድዳል፣ ግን ሌላ መንገድ የለም።

ደረጃ 11፦ አሁን መድፉ

መድፉን ራሳችሁ አትስሩ። ለዚህ ጨዋታ ተብሎ የሚሰራ መድፍና ቫልቭ ይሸጣል። ለመጀመሪያ መርከብ አንድ ወይም ሁለት መድፍ ይበቃል። የፎን ደር ታንን ስምንት መድፍ ሁሉ ማስተኮስ አያስፈልግም፤ ሌላው ለመልክ ይቀመጥ።

1. ፈቃድ ያለው የጋዝ ሲሊንደርና ሬጉሌተር (ግፊቱን የሚቀንስ መቆጣጠሪያ) ግዙ። የግፊቱ ጣሪያ 150 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ነው። ያለ ሬጉሌተር በፍጹም አትሞክሩ።
2. መጋጠሚያዎችን በሳሙና አረፋ ፈትሹ። አረፋ ካበጠ ጋዙን ዝጉ፣ ግፊቱን አስወጡ፣ ከዚያ አጥብቁ። ግፊት እያለ ቁልፍ አታንሱ።
3. የመጀመሪያውን ሙከራ ያለ ኳስ አድርጉ።
4. መነጽር። እናንተም፣ አጠገባችሁ የቆመውም፣ ሊያይ የመጣው ልጅም። መነጽር የሌለው ሰው ካለ መድፉ ጋዝ አያገኝም።
5. ኳስ የሚሞላው ኩሬው ዳር ብቻ ነው፤ አፈሙዙ ወደ ሰው ሳይዞር፣ መቆለፊያው ሳይወልቅ።

መድፉ ብቻውን ደጋግሞ ከተኮሰ ቫልቩ ተይዟል። በመጀመሪያ ጋዙን ዝጉ፣ ከዚያ ኤሌክትሪኩን። አፈሙዙ ውስጥ በዓይን አትመልከቱ፤ ተዘግቶም ቢሆን። ሲሊንደሩን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ትታችሁ አትሂዱ።

ደረጃ 12፦ ኩሬ

የመጀመሪያውን ጊዜ ያለ መድፍ ንዱት። ፍጥነቱ የሚለካው 100 ጫማ፣ ማለትም ወደ 30 ሜትር ለመሄድ በሚወስደው ሰከንድ ነው። ከተፈቀደው ከፈጠነ ከሪሞቱ ላይ ቀንሱ።

ተንሳፋፊ ቡሽ በገመድ ከቀፎው ጋር እሰሩ። ገመዱ ከኩሬው ጥልቀት ይርዘም። መርከቡ ሲሰምጥ ቡሹ ራሱ ተነስቶ መንሳፈፍ አለበት፤ ግንቡ ሥር ከተያዘ ቀኑን ሙሉ ጭቃ ስትዳስሱ ትውላላችሁ።

በውጊያ ጊዜ በሙሉ ፍጥነት አትታጠፉ። መርከቡ ሲያዘነብል የታችኛው ጎኑ ይጋለጣል። ከውሃ በላይ ያለ ቀዳዳ ለተቃራኒው 10 ነጥብ፣ መስመሩ ላይ 25፣ ከሥር ያለው 50 ነው። ውሃም በብዛት የሚያስገባው ያው የ50ው ነው።

ከሰመጠ፦ አውጡት፣ ጋዙን ዝጉ፣ ባትሪውን ንቀሉ። ውሃውን ድፉ። ሞተሮቹን በንጹህ ውሃ አጥባችሁ አድርቁ፣ ውሃ የሚያባርር ዘይት ርጩባቸው። ያበጠ ወይም የተቀደደ ባትሪ ቻርጅ አይደረግም፤ ከቤት ውጭ አስቀምጡት፣ ባትሪ ለሚሰበስብ ቦታ አስረክቡ።

ጥቂት ቀዳዳዎችን በስስ ወረቀትና በሙጫ መድፈን ይቻላል። ቀዳዳ በቀዳዳ ላይ ከተደራረበ ግን ያንን የባልሳ ክፍል ሙሉውን ላጡ፣ አጥንቱን በብርጭቆ ወረቀት አጽዱ፣ አዲስ አልብሱ። ወንፊቱንም በዚያው አውጥታችሁ እጠቡ።